አምስተኛው መስቀያ

ከአስራ አንዱ ማሊያዎች አንዱ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ነበር።

ልብስ አጣቢዋ ይህን ያየችው ዘግይታ ነው፤ ልጇ ተሰናብታ ከወጣች፣ የጫማዋ ኮቴም ከኮሪደሩ ከጠፋ በኋላ። በዚያ ክፍል ማሊያ የሚሰቀለው ተገልብጦ ነው። የጀርባው ቁጥር የካውያ ሙቀት ሲነካው እንደ ቆዳ ስለሚላጥ በውስጥ በኩል ይተኮሳል፤ ከተተኮሰም በኋላ እስከ ጨዋታው ቀን ጠዋት ድረስ እንደተገለበጠ ይቆያል። አስራ ሰባት ዓመት እንዲህ ስትሰቅል ኖራለች። እጇ ከሐሳቧ ቀድሞ ነው የሚገለብጠው። አሁን ግን አምስተኛው መስቀያ ላይ ያለው ማሊያ ቁጥሩን ይዞ አፍጥጦባታል። አስራ ስድስት።

“አይ እርጅና” አለች ለራሷ። ገለበጠችውና ወደ ፎጣዎቿ ተመለሰች።

እሷ ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር ዝም ብላ የምታልፍ ሰው አልነበረችም። ክፉ ክፉውን በማሰብ የታወቀች ናት። ልጇ አስር ደቂቃ ከዘገየች መኪና ገጭቷታል፤ ስልክ በማለዳ ከጮኸ ሰው ሞቷል፤ ማጠቢያ ማሽኑ ድምፁን ከቀየረ እሳት ሊነሳ ነው። የቤቷን በር ስትቆልፍ እጀታውን ሦስት ጊዜ ትስበዋለች። በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ይዛ ስትገባ ተጫዋቾቹ “እማ ማሊያ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሊወርድብን ነው?” እያሉ ይስቁባታል። እሷም “ሳቁ፣ ሳቁ፤ ስትበሰብሱ የማጥበው እኔ ነኝ” ትላቸዋለች። ያን ቀን ሐሙስ ግን፣ ክፉ ማሰብ በነበረባት ሰዓት፣ ክፉ አላሰበችም።

ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት የመልስ ጨዋታ ነበር። ከሰባት ሳምንት በፊት የእሷ ቡድን፣ ቀዮቹ፣ በሰማያዊዎቹ ሜዳ ሁለት ለባዶ ተሸንፈው ተመልሰዋል። ሽንፈቱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። “ቡልዶዘር” የሚሉት የሰማያዊዎቹ አጥቂ የቀዮቹን አምበል ጉልበቱ ላይ ገጭቶት፣ አምበሉ እያነከሰ ጨርሶ ነበር የወጣው። ከዚያ ወዲህ እያሸ፣ እያሰረ ተጫወተ። ባለፈው ሳምንት ግን ጉልበቱ አብጦ አልታጠፍ አለ።

ይህን የሚያውቁት አራት ሰዎች ናቸው። አምበሉ ራሱ፣ አሰልጣኙ፣ ወጌሻው፣ እና ፋሻውን የምታጥበው እሷ። አሰልጣኙ ረቡዕ ዕለት ጋዜጠኞች በተሰበሰቡበት አምበሉን ረጅም ሱሪ አልብሶ ሜዳውን ሁለት ዙር አስሮጠው። አምበሉም እየሳቀ ሮጠ። ከዚያ መጥቶ እሷ ክፍል ውስጥ ቅርጫት ላይ ተቀመጠና ፋሻውን ፈትቶ ሰጣት። ላብ በላብ ሆኗል።

“እማ፣ ይቺን ለብቻዋ እጠቢልኝ። ከሌላው ልብስ ጋር እንዳትታይ።”

“ማን ያያታል? እዚህ የሚገባው ቆሻሻና እናንተ ናችሁ።”

“ሁለታችንንም አንድ ላይ ጠራሽን” አለና ሳቀ፤ ሲነሳ ግን ግድግዳውን ይዞ ነው የተነሳው።

ሐሙስ ጠዋት አሰልጣኙ እንደ ልማዱ ራሱ መጣ። የሚሰለፉትን አስራ አንድ ቁጥሮች በትንሽ ወረቀት ጽፎ ያሳያታል፤ አንብባ ስትጨርስ እዚያው ቀዳዶ ኪሱ ይከታል። ቡድኑን ከተጫዋቾቹ እንኳ ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት። ማሊያዎቹን በተርታ በተመቱት መስቀያዎች ላይ በሜዳው ቅደም ተከተል ትሰቅላለች፤ መጀመሪያ በረኛው፣ ከዚያ አራቱ ተከላካዮች፣ እያለ እስከ አጥቂዎቹ። አምስተኛው መስቀያ የአምበሉ ነው። ከሁሉም የሚለየው ደግሞ እጅጌው ነው። አምበሉ ሐሩር ይሁን ዝናብ ረጅም እጅጌ ካልሆነ አይለብስም፤ በቡድኑ ውስጥ እንዲህ ያለ ሌላ ሰው የለም። ያን ቀን ግን በእሱ ቦታ ባለ አጭር እጅጌ፣ አስራ ስድስት ቁጥር እንድትሰቅል ታዘዘች። ስትሰቅለው እጇ እምቢ እያላት ነበር።

አሰልጣኙ ሲወጣ የዘወትር ቃሉን ደገመላት። “ማሊያ ከተሰቀለ በኋላ የውጭ ሰው አይገባም።”

“ማን ይገባል ብለው ነው?”

ልጇ ገባች።

ልጅ ደግሞ የውጭ ሰው ናት እንዴ? ስድስት ዓመት ሲሆናት ነው እዚህ ክፍል የገባችው። ከትምህርት ቤት መልስ ፎጣ ቅርጫት ውስጥ ትተኛ ነበር። የቤት ሥራዋን የሠራችው በካውያ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ነው። መቁጠር የተማረችውም በእነዚሁ መስቀያዎች ነው፤ ከበረኛው ጀምራ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ድምፅ ሳታወጣ፣ እስከ አስራ አንድ። አድጋም ስትቆጥር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አሁን ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ስምንት ወር ሆናት በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ የስፖርት ዝግጅት ክፍል ከገባች። ሥራዋ ወረቀት ማቀበልና ሻይ ማምጣት ነው። ዝግጅቱን የሚመራው፣ እሷ “ጎርናናው” የምትለው አለቃዋ፣ ማይክ አስነክቷት አያውቅም። ማታ ማታ ቤት ስትገባ ፊቷ ይጠቁራል፤ እናትየው ምን ሆንሽ ካለቻት “ምንም” ነው መልሷ።

ሐሙስ ዕለት ግን ፈገግ ብላ፣ ምሳ ይዛ መጣች። ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል፣ በጨርቅ ጠቅልላ።

“ምን ሆነሽ ነው?” አለች እናት፤ መጀመሪያ የመጣላት ከሥራ ተባረረች የሚለው ነው።

“እናቴን ምሳ ላበላ መጣሁ፤ ወንጀል ነው?”

“ታመሻል?”

“እማዬ፣ ብይ ዝም ብለሽ።”

በሉ። እንቁላሉን ልጅቷ ራሷ ላጠችላት። እናት በልቧ እንዲህ ያለ ቀን ዳግም አይመጣም አለች፤ ደስታም ሲመጣ የሚሄድበትን ነው ቀድማ የምታየው። ከዚያ ልጅቷ ሳፋው ውስጥ ለብቻው የተዘፈዘፈውን ፋሻ አየች።

“ይሄ የማን ነው?”

“የማንም።”

“የማንም ሰው ጉልበት ትልቅ ነው” አለች ልጅቷ፤ ሳቀችና ተወችው። “ፎጣዎቹን አላሰጣሽም? ሂጂ አስጪ፣ እኔ ሳህኑን አጥባለሁ።”

እናት ቅርጫቱን አንስታ ወደ ጓሮ ወጣች። ሃያ ሁለት ፎጣ ነበር። ሃያ ሁለት ፎጣ ለማስጣት የሚፈጀውን ጊዜ ያህል ልጇ ከማሊያዎቹ ጋር ብቻዋን ቆየች።

ዓርብ ጠዋት ማሽኑ እየዞረ፣ በላስቲክ የታሰረችው ሬዲዮዋ እላዩ ላይ ሆና እየተንቀጠቀጠች፣ ጎርናናው ድምፁን ጠርጎ፦ “የነገውን የመልስ ጨዋታ ቅድመ ዳሰሳ ዛሬ የምታቀርብልን አዲሷ ባልደረባችን ናት” አለ። ቀጥሎ የመጣው ድምፅ የልጇ ነበር።

 እናት አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ ማሽኑን በመሀል አጠፋችው፣ አረፋው ውስጥ አስራ አምስት ጥንድ ካልሲ እንዳለ። ሬዲዮውን ከፍ አድርጋ ወደ ደረቷ አስጠጋችው። ልጄ። የኔ ልጅ። እንባዋ መጣ። የልጅቷ ድምፅ አልተንቀጠቀጠም፤ ረጋ ብላ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እያስቀመጠች ነው የምትናገረው። ሰማያዊዎቹ በሁለት ነጥብ ይመራሉ አለች። ቀዮቹ ነገ ካሸነፉ በአንድ ነጥብ በልጠው መሪነቱን ይረከባሉ፤ የመጀመሪያው ጨዋታ ቁጭት ገና አልበረደም፤ ስታዲየሙም ከወዲሁ ሞልቷል ማለት ይቻላል። እናት ራሷን እየነቀነቀች አዳመጠች፤ አቤት አነጋገር፣ ማን አስተማራት?

“ረቡዕ ዕለት የቀዮቹን አምበል በልምምድ ሜዳ ሲሮጥና ሲስቅ አይተነዋል” አለች ልጅቷ። “ታማኝ ምንጮቻችን እንደሚሉት ግን ያ ሩጫ ለካሜራ ነበር። አምበሉ ጉልበቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ነው ያለው፤ ነገ አይሰለፍም። በቦታው የሚገባው ባለ አስራ ስድስት ቁጥሩ ተከላካይ ነው። በአየር ላይ ኳስ የማይታማ ተጫዋች ነው። በግራ በኩል ለመዞር ግን ይቸገራል፤ ሁሌም ወደ ቀኙ ነው የሚወድቀው። የሰማያዊዎቹ አሰልጣኝ ይህን ካወቁ ቡልዶዘርን በየትኛው በኩል እንደሚልኩት መገመት አያዳግትም።”

እናት ሬዲዮውን ከደረቷ አላቀቀችው።

ይህ የራሷ ወሬ ነው። አንድ ቀን እራት ላይ ልጇን ለማሳቅ ብላ ያወራችው። “የአስራ ስድስት ቁጥሩ ቁምጣ ሁሌ በቀኝ በኩል ብቻ ነው አረንጓዴ የሚሆነው፤ ሰውየው ግራ የሚባል አቅጣጫ መኖሩን አልሰማም” ብላ ነበር። ልጅቷ ያን ቀን አልሳቀችም። አሁን የእራት ጨዋታዋ ከረባት አስሮ ሬዲዮ ላይ ቀረበ።

አምስተኛውን መስቀያ አየችው። ማሊያው እንደተገለበጠ አንገቱን ደፍቶ ተሰቅሏል። አጭር እጅጌው ከሩቅ ይታያል። ከአስራ አንዱ ያንን አንዱን ብቻ ለምን እንደገለበጠችው አሁን ገባት፤ በዚያ ቦታ ረጅም እጅጌ ያጣች ልጅ፣ በዚህ ክፍል ያደገች ልጅ ብቻ ናት ይህን የምታየው። ሌላ ሰው ቢገባ ኖሮ አስራ አንድ የተገለበጡ ጨርቆች አይቶ ይወጣ ነበር።

እንቁላሉን ስትልጥላት የነበሩት ጣቶች ትዝ አሏት። 

ስንት ነገር ፈርታ ኖራለች። ሌባ፣ እሳት፣ ጎርፍ፣ የመኪና ፍሬን። በሕይወቷ ሙሉ በሩን ሁሉ ስትጠብቅ፣ ይህ በየትኛው በኩል እንደመጣ ልብ አላለችም።

ብዙም ሳይቆይ ወጌሻው ገባ። ሸምገል ያለ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው፤ ከእሷ ጋር ሲፎካከሩ ነው የኖሩት። አሁን ቦርሳውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሏል።

“አንቺ ሴትዮ፣ ፎጣዎቼን ስጪኝ።”

“የት ልትሄድ ነው?”

“ጡረታ ወጣሁ። ጠዋት ነው የነገሩኝ።” ሊስቅ ሞከረ። “ማክሰኞ ከአንድ ጋዜጠኛ ጋር ሻይ ስጠጣ ታይቻለሁ። ሰውየው ስለ ወገቡ ሕመም ነበር ሲያማክረኝ የነበረው። ግን ማን ያምነኛል? አፌን ታውቂዋለሽ፤ እኔም ብሆን አላምነኝም።”

እሷ ወደ ፎጣ መደርደሪያው ዞረች። 

“በይ እንጂ አንድ ነገር። አስራ ሰባት ዓመት ስትሰድቢኝ ኖረሽ ዛሬ አፍሽ ተያዘ?”

ሰባት ፎጣ አውጥታ ሰጠችው። የእሱ ስድስት ነበሩ። ቆጥሮ አንዱን መለሰላትና ወጣ።

ስልኳን አንስታ ለልጇ ደወለች።

“እማዬ፣ ሰማሽኝ?” የልጅቷ ድምፅ ከደስታ ብዛት ቀጥኗል። “እንዴት ነበርኩ? ጎርናናው እጄን ጨበጠኝ። የማታውንም አንቺ ታቀርቢያለሽ አለኝ፣ ምናልባት የቅዳሜውን ዝግጅት በቋሚነት—”

“አምስተኛውን ማሊያ የገለበጥሽው አንቺ ነሽ።”

 ከልጅቷ ጀርባ ሰዎች ሲስቁ ይሰማል።

“እማዬ፣ አንድ ማሊያ ነው እኮ።”

“ወጌሻውን አባረሩት።”

“አንቺን ግን አልጠረጠሩሽም?” አለች ልጅቷ ፈጠን ብላ። “አልጠረጠሩሽም አይደል? እንግዲያው ዝም በይ። እሱ እንደሆነ አፈ ሰፊ ነው፣ ራስሽ ነሽ የምትይው። ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ቡድን ይቀጥረዋል። እኔ ግን ስምንት ወር ሙሉ ሻይ ሳመላልስ…”

“ምሳውን ለምን አመጣሽልኝ?”

“እ?”

“ትናንት። ዳቦና እንቁላሉን።”

“ልትበዪው ነዋ” አለች ልጅቷ። ቀጥላም በለሰለሰ ድምፅ “እማዬ፣ ስብሰባ ተጠርቻለሁ” ብላ ዘጋችው።

እናት እጆቿን በሽርጧ ጠረገች፤ እርጥብ አልነበሩም። ከዚያ ወደ አሰልጣኙ ቢሮ ሄደች።

አምበሉ ወንበር ላይ እግሩን ዘርግቶ፣ ጉልበቱ ላይ በረዶ አስሮ ተቀምጧል። አሰልጣኙ ቆሟል። ሰሌዳው በጨርቅ ተሸፍኗል፤ ማን እንዳያይ እንደሆነ አሁን ማንም አያውቅም፤ ከተማው በሙሉ አውቆታል።

“ወጌሻው አይደለም” አለች ገና በሩ ላይ ሆና። ከገባች እንደማትናገረው ታውቃለች። “ሬዲዮ ላይ ያወራችው ልጄ ናት። ትናንት ምሳ ይዛልኝ መጣች፤ አስገባኋት። ጥያት ወጣሁ። ፎጣ ላሰጣ።”

አምበሉ በረዶውን ከጉልበቱ ላይ አነሳው። “ልጅሽ? ያቺ ካልሲ ስታጣምድልን የነበረችው?”

“እሷ።”

“እማ” አለ አምበሉ። ቢቆጣት በወደደች።

አሰልጣኙ መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆየ። ሲዞር አልተቆጣም። ፊቱ ላይ የነበረው ሰሌዳ ፊት ቆሞ ስልት ሲያሰላ የሚታይበት ዓይነት ነገር ነው።

“ወጌሻው ይመለሳል፤ አሁኑኑ እደውልለታለሁ። እርስዎ ግን አንድ ነገር ያድርጉልኝ።” አምበሉን በዓይኑ አሳያት። “የእሱን ረጅም እጅጌ አምስተኛው ላይ ይስቀሉት።”

“ሊጫወት ነው?”

“ቆሞ መሄድም አይችልም። ግን ይሰቀል። በሩን ገርበብ አድርገው ይጠብቁ። ልጅዎ ከመምሸቱ በፊት ትመጣለች።”

“አትመጣም።”

“የማታው ዝግጅት አንድ ሰዓት ላይ ነው። አዲስ ወሬ ያስፈልጋታል፤ ትመጣለች። አይታ ትሂድ። ‘አምበሉ ተመልሷል፣ የጠዋቱ ማታለያ ነበር’ ካለች ሰማያዊዎቹ ሌሊቱን ዕቅዳቸውን ሲያፈርሱ ያድራሉ። ያ ይበቃኛል።” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ይህ ከተሳካ እርስዎም አልነገሩኝም፣ እኔም አልሰማሁም። ካልሆነ ሰኞ ማጠቢያ ክፍሉ ይዘጋል። ልብሱን ለውጭ ድርጅት እንስጠው የሚሉ ሰዎች ከላይ አሉ፤ እስከዛሬ ስከራከርልዎት የነበርኩት እኔ ነኝ።”

አስራ ሰባት ዓመት። ይህን ሰው በዝናብም በፀሐይም አልብሳዋለች፤ ሲያሸንፍም ሲሸነፍም የሸሚዙን አንገት ያጠበችው እሷ ናት። እሱ ግን ለልጇ ወጥመድ እንድትዘረጋ እሷኑ እናቷን ጠየቃት። እሺም እምቢም ሳትል ወጣች።

ክፍሏ ገብታ ረጅም እጅጌውን አወጣች። በውስጥ በኩል ተኮሰችው፤ ገልብጣ አምስተኛው መስቀያ ላይ ሰቀለችው። አጭሩን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተች። ግማሽ የታጠቡትን ካልሲዎች አስጨርሳ አወጣች። እጇ ሥራ እንዳይፈታ የበሩን ቁልፍ ከቀለበቱ ፈልጋ አገኘች፤ ያ በር ተቆልፎ አያውቅም፤ ተጫዋች በማንኛውም ሰዓት ካልሲ ወይም ፎጣ ፈልጎ ይመጣል ብላ ትተወዋለች። ግቢው ዘበኛ ስላለው አይዘረፍም። የቁልፍ ቀዳዳው ዝጓል። የማሽን ዘይት ጠብ ጠብ አደረገችበት፤ ቁልፉን ከተተችና እዚያው ተወችው።

አመሻሹ ላይ ወጌሻው በበሩ ክፍተት አንገቱን አስገባ።

“ተመለስኩ። ልመርቅሽ ወይስ ልርገምሽ፣ አላወቅኩም።”

“ሁለቱንም ለነገ አቆየው።”

“ልጅሽ ስለሆነች ነው እንጂ” አለና ንግግሩን አልጨረሰውም። ስድስቱን ፎጣዎች ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ሳፋውን ደፍታ ተቀመጠችበት። በሩ ገርበብ ብሏል። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፉውን ሳይሆን ደጉን ለማሰብ ትታገል ነበር። አትመጣም። ስብሰባ ላይ ናት። አፍራለች። ቤት ሄዳ መብራት አብርታ እየጠበቀችኝ ነው፤ ስገባ ዓይኔን ማየት ያቅታታል፤ እኔም አላናግራትም፤ ሦስት ቀን አላናግራትም፤ ከዚያ አናግራታለሁ። እንዲህ እያለች ሳለ ኮሪደሩ ላይ ኮቴ ሰማች።

ኮቴውን ከሺህ ኮቴ ትለየዋለች።

ምናልባት ልትወስደኝ ነው የመጣችው፣ አለች አሁንም። አብረን ወደ ቤት እንድንሄድ ነው።

ተነስታ በሩ ክፍተት ላይ ቆመች። ልጅቷ ዓይኗ ቀልቶ፣ የጠዋቱ ኩራት ከፊቷ ጠፍቶ መጣች። የእናቷን እጅ ያዘች።

“እማዬ፣ ይቅር በይኝ። ቀኑን ሙሉ ምንም አልበላሁም። ስልኩን የዘጋሁብሽ ጊዜ… ልክ አልነበርኩም። ልትነግሪያቸው ትችያለሽ፣ እሷ ናት በያቸው።”

“ነግሬያቸዋለሁ።”

“ነገርሻቸው?” ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። “ምን አሉሽ? አባረሩሽ?”

“ሰኞ ይነግሩኛል።”

ልጅቷ አለቀሰች። እንባው እውነተኛ እንባ ነበር፤ እናት ይህን ታውቃለች፤ የውሸቱንና የእውነቱን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትለይ ኖራለች። እቅፍ አደረገቻት። ልጅቷ አገጯን እናቷ ትከሻ ላይ አስቀመጠች፤ ልክ እንደ ልጅነቷ፤ ከብዳ፣ ሞቃ።  ሁሉንም ልትተወው ደረሰች። ፊቷን ልትስማት ገለል አድርጋ አየቻት።

ልጅቷ እያየቻት አልነበረም። እንባ የሞላው ዓይኗ ከእናቷ ትከሻ በላይ ወደ ግድግዳው ሄዷል። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ድምፅ የለውም። አንድ። ሁለት።

እናት ሁሉንም በአንድ ጊዜ አየችው። ዝም ብላ ብትቆም ከንፈሮቹ አምስት ላይ ይደርሳሉ። ልጅቷ ረጅሙን እጅጌ ታያለች፤ ልቧ ይዘላል፤ ይቅርታ ብላ ትሮጣለች። አንድ ሰዓት ላይ አምበሉ ተመልሷል ትላለች። ነገ በዘጠኝ ሰዓት አምበሉ በክራንች ሲወጣ ከተማው ይስቅባታል፤ ጎርናናው ማይኩን ይነጥቃታል፤ ከዚያ በኋላ ሻይ እንኳ የሚያስመጣት የለም። እናት ግን ሰኞም ማክሰኞም እዚህ ክፍል ትገባለች። ምንም ማድረግ አይጠበቅባትም። ትከሻዋን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ማድረግ ብቻ።

ሦስት።

ትከሻዋን ከፍ አድርጋ በልጇና በማሊያዎቹ መሀል ቆመች።

“ስንት ደረስሽ?”

“ምኑ?” አለች ልጅቷ።

“ቆጠራው።”

የልጅቷ ከንፈር ቀጥ አለ። ፊቷ እንደ ታጠበ ጨርቅ ነጣ። “እማዬ፣ እኔ ዝም ብዬ…”

“ዛሬ ማታ ስለ አምበሉ ምንም እንዳትናገሪ።”

“ለምን? ይጫወታል?”

ይህን ነው የጠየቀችው። አባረሩሽ ወይ ብላ ያለቀሰችው እንባ ገና ጉንጯ ላይ ሳይደርቅ ይህን ጠየቀች። እናት ልጇን በቀስታ ወደ ኮሪደሩ ገፋ አድርጋ እሷም ወጣች። እጇን ወደ ውስጥ ሰዳ መብራቱን አጠፋች፤ ቁልፉን ከውስጥ ነቅላ በሩን ጎተተችው።

“ይህ በር ተቆልፎ አያውቅም እኮ” አለች ልጅቷ።

“አያውቅም ነበር።”

ዘይቱ ሠርቷል፤ ቁልፉ ያለ ችግር ዞረ። እጀታውን ሳበችው። ደግማ ሳበችው። ልጇ ጎኗ ቆማ እያየች፣ ሦስተኛም ሳበችው።